እናቴን የሚዛን እንቅስቃሴ እንዴት ላስለምዳት?

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ክረምት ላይ የመታጠቢያ ቤቱ እርጥብ ሴራሚክ አንሸራቶ ጣላት። አጥንቷ ተርፏል፣ ድፍረቷ ግን የለም፤ አሁን ግድግዳ ሳትይዝ ሳሎን አታቋርጥም። ሐኪም ዓይኗንና የግፊት መድኃኒቷን አይቶ ደህና ነው ብሏል። ፊዚዮቴራፒስቷ (የአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ባለሙያዋ) እንዳትወድቅ ሚዛን ለመጠበቅ ያዘዘችላት እንቅስቃሴ ቀላል ነው፦ በእጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ጠረጴዛ ይዞ ተረከዝ ማንሳት፣ በአንድ እግር መቆም። በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን።

እኔ ካለሁ እየሳቀችም ቢሆን ትሠራለች። ሥራ ስሄድ የለም። ስልኳ ላይ አላርም ሞላሁላት፤ አጠፋችው። የእንቅስቃሴዎቹን ሥዕል ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩ፤ የአስቤዛ ዝርዝር ተጻፈበት። ቡና ሲፈላ ትሥራ ብዬም ነበር። ያኔ ግን ጎረቤት ይመጣል፤ "ሰው ፊት እንደ ልጅ ስዘል ልታይ?" አለችኝ። (ዝላይ የሚባል ነገር የለበትም እኮ!) የጠዋት ጸሎቷን ግን አታስታጉልም፣ ቆማ ነው የምታደርሰው። ከዚያ ጋር እንዳላያይዘው፣ ጸሎቷን ያቃለልኩባት እንዳይመስላት ፈራሁ።

ቀን ብቻቸውን የሚውሉ እናት ወይም አባት ያላችሁ፣ ጠባቂ ሳይኖር እንቅስቃሴውን እንዲሠሩ ያደረጋችሁት ከየትኛው የዕለት ልማዳቸው ጋር አያይዛችሁ ነው?