የቴስታታው አየር ከ8 ሚሊሜትር በኋላ እየወረደብኝ ነው፤ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የሞተር ቴስታታ (ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው ክፍል) የአየር መግቢያ ቀዳዳ እያስተካከልኩ አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ።

ቴስታታው ቀልጦ በቅርጽ የተሠራ አልሙኒየም ነው፤ በሲሊንደር ሁለት ቫልቭ አለው። የመግቢያው ቫልቭ 40 ሚሊሜትር፣ ከሥሩ ያለው ጉሮሮ 35 ነው። ቫልቩ ሲዘጋ የሚያርፍበት መቀመጫ በ30፣ በ45 እና በ60 ዲግሪ ተቆርጧል።

በፍሰት መለኪያ ላይ ቫልቩ እስከ 8 ሚሊሜትር ሲከፈት አየሩ ደህና አድርጎ ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ግን ይወርዳል፤ የሚንቀጠቀጥ ድምፅም ያሰማል። ሳሰላው የቫልቩ ዙሪያ ክፍተት ከጉሮሮው ስፋት ጋር የሚስተካከለው 7.7 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ስለዚህ ጭማሪው እዚያ ጋ ቢቆም ይገባኛል። መውረዱ ግን ጤነኛ አይመስለኝም።

የምጠረጥረው አየሩ ወደ ቫልቩ የሚታጠፍበትን አጭር ወገን ነው። መታጠፊያው ስለት ስለሆነ አየሩ ግድግዳውን ለቆ የሚሄድ ይመስለኛል። የቀዳዳው ወለል ላይ ፕላስቲሲን (እንደ ጭቃ የሚለሰልስ መቅረጫ) ለጥፌ መታጠፊያውን ሳለሳልሰው ድምፁ በደንብ ቀነሰ። ይሄ ትልቅ ፍንጭ ነው።

አሁን ብረቱን ልፋቀው ወይስ ወለሉን በኢፖክሲ (ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ) ከፍ ላድርገው? ከመታጠፊያው ጀርባ የማቀዝቀዣ ውኃ መተላለፊያ አለ። በቀረጻ ጊዜ የውስጥ ቅርጹ ትንሽ ስለሚሸሽ የግድግዳው ውፍረት ከሲሊንደር ሲሊንደር ይለያያል። መብሳት በጣም ያስፈራኛል።

ቴስታታውን ሳትቆርጡ ውፍረቱን በምን ትለካላችሁ? ኢፖክሲ የሞላችሁስ ሙቀቱንና ነዳጁን ችሎላችኋል? በእጃችሁ የሞከራችሁትን ንገሩኝ፣ እባካችሁ።