የ«ዲስኢንተግሬሽን»ን ድምፅ በሁለት ጊታርና በአንድ ቤዝ እንዴት ማውጣት ይቻላል?

ጥያቄ፦ ባለ አራት ክር
ሰላም ለሁላችሁ። አራት ሆነን ባቋቋምነው ትንሽ ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ዘ ኪዩር እ.ኤ.አ. በ1989 ካወጣው «ዲስኢንተግሬሽን» አልበም ውስጥ «ፒክቸርስ ኦፍ ዩ»ን ለመሥራት ሁለት ወር ተለማምደናል፤ ይሁንና በአልበሙ ላይ እያንዳንዱ መሣሪያ ራሱን ችሎ ሲሰማ፣ የእኛው ገና ከመግቢያው ተድበስብሶ ጉርምርምታ ብቻ ይሆናል። ሁለቱም ጊታሮችና የእኔ ቤዝ በኮረስ ፔዳል (ድምፁን በሚያወዛውዝ የእግር መሣሪያ) ያልፋሉ፤ ኪቦርድ የለንም። ያቺን ወፈር ብላ የምትሰማ ዜማ በምን መሣሪያ እንደሚጫወቷት እንኳ አልለየሁም። የምታውቁ ብትረዱኝ?

መልስ፦ ስድስት ክር
መሣሪያው ፌንደር ቤዝ 6 ይባላል፤ የሚጫወተውም የባንዱ መሪ ሮበርት ስሚዝ ነው። እንደ ጊታር ይቃኛል፣ ግን አንድ ኦክታቭ (ያው ቃና በወፍራሙ) ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ከባንዱ ቤዝ ተጫዋች ከሳይመን ጋለፕ ቤዝ በላይና ከጊታሮቹ በታች ባለው ክፍት ቦታ ላይ ይቀመጣል። መግዛት ግዴታ አይደለም። የቤዝ 6 ቀጭኗ ክር ሳትያዝ የምትሰጠው ድምፅ በጊታር ዲ ክር 2ኛ ፍሬት (በአንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች ሁለተኛው) ላይ ስለሚገኝ፣ ከጊታሪስቶቻችሁ አንዱ የቶኑን ቁልፍ ዝቅ አድርጎ ዜማዋን በወፍራሞቹ ክሮች ይያዛት። ሌላው ከዚያ በታች አይውረድ።

መልስ፦ ቀጭን ሽቦ
እኔ ጥፋቱ የኮረሱ ነው ባይ ነኝ። ኮረስ የድምፁን ቅጂ በጥቂት ሚሊሰከንድ ያዘገያል፣ የመዘግየቱንም መጠን ያወዛውዛል፤ በዚህ ምክንያት ቅጂው ከዋናው ቃና ትንሽ ከፍና ዝቅ ይላል። አንድ ጊታር ላይ ሲሆን ያምራል፤ ሦስት መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሲወዛወዝ ግን ቃናው የት እንዳለ አይታወቅም። የቤዝዎን ያጥፉና እንደ ጋለፕ በፒክ (በክር መምቻ) ይምቱ። ከጊታሮቹ አንዱ ኮረስ ይያዝ፤ ለሌላው ዲሌይ (ድምፁን አዘግይቶ የሚደግም ፔዳል) ይበቃዋል። ለምሳሌ በደቂቃ 90 ምት ብትጫወቱ አንዱ ምት 667 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ ዲሌዩን በሦስት አራተኛው፣ ማለትም በ500 ላይ ቢያደርጉት ድግግሞሹ በምቶቹ መካከል ይወድቃል።

መልስ፦ የሸክላ ወዳጅ
ለመሆኑ አልበሙን የሚሰሙት በምንድን ነው? በስልክ ስፒከር ከሆነ ቤዙን ገና አልሰሙትም፤ ከአልበሙ ጋር የታተመው ጽሑፍ ራሱ ሙዚቃው ጮክ ተደርጎ እንዲሰማ መቀናበሩን ይናገራል። ከተቻለ ሲዲውን ይያዙ፤ 72 ደቂቃ ያህል የሚፈጀውን ሥራ በ1989 የወጣው ሸክላ ሙሉውን አልያዘም፣ «ላስት ዳንስ»ና «ሆምሲክ» ቀርተውበታል። (እኔ ሸክላውን ታቅፌ ሁለቱን ዘፈኖች ሳላውቃቸው ዓመታት አሳልፌአለሁ።) ደግሞም አትቸኩሉ። «ፕሌንሶንግ» ላይ ድምፃዊው እስኪገባ ከ2 ደቂቃ በላይ ያልፋል፤ የእናንተም መግቢያ ረጅም ስለሆነ ሁላችሁም በመጀመሪያው ምት መግባት የለባችሁም።

መልስ፦ ስድስት ክር
ስለ ኮረሱ በከፊል አልስማማም፤ ጋለፕ ራሱ ኤፌክት ይጠቀማል። ነገር ግን ለጊዜው ማጥፋቱ አይጎዳም።

ጠያቂው፦ ባለ አራት ክር
ትናንት ሞከርነው። ዜማዋን ለአንዱ ጊታሪስት ሰጥተን የእኔን ኮረስ ብናጠፋው፣ ድራመራችን «አሁን ገና ቤዙን ሰማሁት» አለኝ። ዲሌያችን ግን ቁጥር ስላልተጻፈበት 500 ላይ ማቆም ቸግሮናል።

መልስ፦ ቀጭን ሽቦ
ክሩን አንድ ጊዜ ብቻ ይምቱና ሰዓት እያዩ፣ ድግግሞሹ በየሰከንዱ ሁለት ጊዜ እስኪሆን ድረስ ቁልፉን ቀስ ብለው ያዙሩት። ከዚያ በቁልፉ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉበት።