ብሬስ ባዩ ሲሞላ ቀድሜ እንዴት ልወቅ?

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሂዩስተን ደቡብ ምዕራብ ነው፣ ከብሬስ ባዩ (ከተማውን ከሚያቋርጠው የውሃ ቦይ) ብዙ በማይርቅ አፓርታማ፣ ያውም ምድር ቤት። እኔ የማታ ሺፍት ነው የምሠራው። ባለፈው ያ ኃይለኛ ዝናብ የጣለ ሌሊት ሥራ ላይ ሆኜ ጎረቤቴ ደወለችና «ውሃው ድልድዩን ሊነካ ነው» አለችኝ። ልጆቹ ከአክስታቸው ጋር ተኝተዋል። ልምጣ ወይስ እነሱን ላስወጣ፣ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ደግነቱ ውሃው ወረደ፣ ቤትም አልገባም። እንደዚያ ሌሊት ግን ፈርቼ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔት ላይ የውሃውን ከፍታ የሚያሳዩ ሁለት ገጾች አገኘሁ። ችግሩ እዚያው አካባቢ ላለ ጌጅ (የውሃ ከፍታ መለኪያ) አንዱ የሚያሳየው ቁጥር ከሌላው አይገጥምም። አንዱ ላይ ደግሞ «ሲኤፍኤስ» የሚል ሌላ ቁጥር አለ። የትኛውን ልመን? አደጋ ነው የሚባለው ስንት ሲደርስ ነው? ስልኬ ላይ መልእክት እንዲመጣልኝስ ማድረግ ይቻላል? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

መልስ፦ የሂዩስተን ነባር

እህቴ አይዞሽ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። እኔ እዚህ ከተማ ከመጣሁ ቆየሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 አሊሰን የተባለችው ማዕበል ስትመታን ነበርኩ፣ በ2015 የሜሞሪያል ዴይ ሌሊት ብሬስ ባዩ ከአፉ ወጥቶ የሜየርላንድን ሰፈር ሲያጥለቀልቅም ነበርኩ፣ በ2017 ሃሪኬን ሃርቪንም አይቻለሁ። ከዚያ ሁሉ በኋላ መጀመሪያ የምከፍተው የሃሪስ ካውንቲን (ሂዩስተን ያለችበትን የአካባቢ አስተዳደር) የጎርፍ ማስጠንቀቂያ ገጽ ነው። ካርታው ላይ ቤትሽ አጠገብ ያለውን ጌጅ ንኪው። ምን ያህል እንደዘነበ፣ ውሃው አሁን የት እንዳለ፣ የቦዩ አፍ (ውሃው ሞልቶ የሚወጣበት የዳሩ ጫፍ) ደግሞ ስንት ላይ እንደሆነ ያሳይሻል። ይኸኛው የመጨረሻው ቁጥር ነው ዋናው። ከሱ ላይ አሁን ያለውን ከፍታ ስትቀንሺ ስንት ጫማ እንደቀረሽ ታውቂያለሽ።

ሌላው የከፈትሽው ገጽ የዩኤስጂኤስ (የአሜሪካ መንግሥት የጂኦሎጂ ጥናት መሥሪያ ቤት) ይመስለኛል። እሱም ትክክል ነው። ለምን እንደሚለያዩ የተማሩት ያስረዱሽ።

መልስ፦ ሲቪል ኢንጂነር

ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ የሚለያዩት ዜሮው ላይ ነው። ካውንቲው ከባሕር ጠለል በላይ ያለውን ከፍታ ነው የሚጽፈው። ዩኤስጂኤስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ለዚያ ጣቢያ ብቻ ከተመረጠ መነሻ ነጥብ ተነስቶ ይለካል። አንድን ሰው ወንበር ላይ አቁመሽ ከወንበሩ ወይም ከወለሉ እንደመለካት ነው። ስለዚህ የአንዱን ገጽ ቁጥር ከሌላው ገጽ የአደጋ መጠን ጋር አታወዳድሪ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ስህተቱ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ሁለት ጫማ ብቻ እንኳ ቢለያይ ቤት ውስጥ ውሃ በመግባትና ባለመግባት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ሲኤፍኤስ ማለት በሰከንድ ስንት ኪዩቢክ ጫማ ውሃ እንደሚያልፍ ነው። አንድ ኪዩቢክ ጫማ 28 ሊትር ገደማ ይሆናል። ቦዩ 100 ጫማ ስፋት፣ 5 ጫማ ጥልቀት ቢኖረውና ውሃው በሰከንድ 4 ጫማ ቢሄድ 2000 ሲኤፍኤስ ነው፣ ማለትም በየሰከንዱ ከ56 ሺህ ሊትር በላይ። ጌጁ ግን ይህንን በቀጥታ አይለካም። የሚለካው ከፍታውን ነው። ባለሙያዎች በየጊዜው እየሄዱ የውሃውን ፍጥነትና ስፋት ይለካሉ፣ ከዚያ «ከፍታው ይህን ያህል ሲሆን ፍሰቱ ይህን ያህል ነው» የሚል ሠንጠረዥ ያወጣሉ። ስክሪንሽ ላይ ያለው ሲኤፍኤስ ከዚያ ሠንጠረዥ የተሰላ ነው። ለአንቺ ጉዳይ ከፍታው ይበቃሻል።

ሌላው ነገር ፍጥነቱን ተመልከቺ። የዩኤስጂኤስ ጌጅ ብዙውን ጊዜ በየ15 ደቂቃው ይመዘግባል። በ15 ደቂቃ አንድ ተኩል ጫማ ከጨመረ በሰዓት 6 ጫማ ማለት ነው። የቀረሽ 9 ጫማ ከሆነ ያለሽ ጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ነው ብለሽ ተነሺ። ዝናቡ ካልቆመ ከዚያም ሊያጥር ይችላል። ብሬስ ዙሪያው ሁሉ ኮንክሪትና አስፋልት ነው፣ ውሃው የሚሰርግበት አፈር ስለሌለ ሽቅብ የሚወጣው በጣም ፈጥኖ ነው።

መልስ፦ የአዋሽ ሰው

ልጄ፣ እኔ ሀገር ቤት ሳለሁ አዋሽ ላይ የውሃ ከፍታ መዝጋቢ ነበርኩ። ወንዙ ዳር የተተከለ ሜትር የተጻፈበት ሰሌዳ ነበር፣ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት እያየሁ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ሌሊት የመጣ ጎርፍ ጠዋት የሚታወቀው ዳር ላይ በተወው ጭቃና ጭራሮ ነበር። እዚህ በየ15 ደቂቃው ሲመዘገብ ሳይ እቀናለሁ። ግን አንድ ነገር ከዚያ ሥራ ተምሬያለሁ። መለኪያው ያለበትን ቦታ ሳያዩ ቁጥሩን ብቻ ማንበብ አይበቃም። ፀሐይ ሲወጣ ልጆቹን ይዘሽ ድልድዩ ጋ ሂጂ። ውሃው ዝቅ ባለበት ቀን የቦዩን አፍ፣ የድልድዩን ሥር፣ የአፓርታማችሁን ደፍ እዪ። የዚያን ቀን ገጹ ላይ ያለውን ቁጥር ጻፊ። አንድ ሦስት አራት ጊዜ ይህን ካደረግሽ ቁጥሩ ሲነገርሽ ውሃው የት እንደደረሰ በዓይንሽ ይመጣልሻል።

ጌጁ ቆሻሻ ሲይዘው ወይም ሲበላሽም ያጋጥማል። ሰማዩ እየዘነበ መስመሩ ቀጥ ብሎ ከቀረ አትመኚው፣ ጎረቤቱን ጌጅ እዪ።

መልስ፦ ሹፌር

ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ ደግሞ ከመንገድ በኩል ልጨምር። ባዩው ገና ብዙ ጫማ እየቀረው መንገድ ሊሞላ ይችላል። የመንገዱ ፍሳሽ ከዝናቡ ጋር እኩል መሄድ ሲያቅተው ውሃው እዚያው ይተኛል፣ ይህንን ደግሞ የባዩው ጌጅ አይነግርሽም። ስለዚህ ዝናብ መለኪያውንም እዪው፣ ባለፈው አንድ ሰዓት ስንት ኢንች እንደጣለ ይጽፋል። ከሥራ ስትመለሺ ሂዩስተን ትራንስታር የተዘጉ መንገዶችን ያሳያል።

እባክሽ ልጆቼ ጋ ልድረስ ብለሽ ውሃ ውስጥ አትግቢ። 12 ኢንች የሚሆን የሚሄድ ውሃ ትንሽ መኪና ይወስዳል፣ 2 ጫማ ደግሞ አብዛኛውን መኪና። ሌሊት ጥልቀቱ አይታይም። አክስታቸው ልጆቹን ይዛ ፎቅ ላይ ያለ ጎረቤት ጋ ብትወጣ ካንቺ መንዳት ይሻላል። ከዛሬ ጀምሮ አንዱን ጎረቤት አናግሪው።

መልስ፦ ምዕራብ ሂዩስተን

ይህ ለብሬስ አይሠራም፣ ግን ቡፋሎ ባዩ በሚባለው ሌላው ቦይ ዳር ያላችሁ ስታነቡ እንዳትሳሳቱ ልናገር። የኛ ውሃ ዝናብ ሲያቆም ላይወርድ ይችላል። ከበላያችን አዲክስና ባርከር የሚባሉ የጦር ሠራዊቱ መሐንዲሶች ጓድ የሚያስተዳድራቸው ሁለት ግድቦች አሉ። በሃርቪ ጊዜ ነሐሴ ውስጥ ውሃ መልቀቅ ሲጀመር ከታች ያሉ ብዙ ቤቶች ተጥለቀለቁ። ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ውሃው ለቀናት አልወረደም። ስለዚህ እናንተ ከጌጁ ጋር የግድቦቹንም ልቀት ተከታተሉ። ወደ መርከብ መተላለፊያው የቀረባችሁ ደግሞ የባሕሩ ውሃ በየቀኑ ከፍ ዝቅ እያለ የባዩውን ውሃ ወደ ኋላ ስለሚገፋው ዝናብ ሳይኖርም ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል፣ አትደንግጡ።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሼ፣ ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ድልድዩ ጋ እሄዳለሁ። የቀረኝ ጥያቄ፦ መልእክት እንዲመጣልኝ ስሞላ «ስንት ሲደርስ?» ይለኛል። የትኛውን ጌጅ ልምረጥ፣ ስንት ልጻፍ?

መልስ፦ ሲቪል ኢንጂነር

ሁለት ጌጅ ምረጪ። ብሬስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ አንዱ ቤትሽ አጠገብ ያለው፣ ሌላው ከሱ በስተምዕራብ፣ ለምሳሌ ጌስነር ወይም አሊፍ ያለው ይሁን። ላይኛው ሲነሳ ወደ አንቺ እየመጣ ነው ማለት ነው። በካውንቲው ገጽም፣ ዩኤስጂኤስ «ዋተርአለርት» በሚለው አገልግሎቱም በነፃ መመዝገብ ትችያለሽ፣ በቴክስት ወይም በኢሜይል ይልካሉ።

ቁጥሩን አፉ ላይ አታድርጊው፣ ያኔ ረፍዷል። የመጀመሪያው መልእክት ቦዩ ግማሽ ሲሞላ ይምጣ፣ «ንቁ ሁኑ» ማለት ነው። ሁለተኛው አፉ ሊደርስ 6 ጫማ ሲቀረው፣ ያኔ ልጆቹ ፎቅ ይውጡ። ሁለቱንም እዚያው ከምትመዘገቢበት ገጽ ቁጥር ጋር አስሊ፣ ከሌላው አትቀላቅይ። ሥራ ላይ ስልክሽ ሎከር ውስጥ ከሆነ የአክስታቸውንም ስልክ አስመዝግቢ፣ ሌሊት ድምፁ እንዳይጠፋ አድርጉት።

መልስ፦ የሂዩስተን ነባር

የቤት ኪራይ ኢንሹራንስሽ ጎርፍን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። ተከራይም ለዕቃው የጎርፍ ኢንሹራንስ መግዛት ይችላል፣ የመንግሥቱ ግን ሥራ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ቀን በኋላ ነው። ማዕበሉ ቲቪ ላይ ሲታይ አትድረሺበትም፣ በዚህ ሳምንት ደውይ።