4294967297 ፕራይም ነው ወይስ አይደለም? ነገ ጠዋት አስረክባለሁ!

የማታ ተማሪዋ፦ እባካችሁ ድረሱልኝ! በሲ ፕላስ ፕላስ ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል ብቸኛ ቁጥር) የሚለይ ፕሮግራም ሠራሁ። ከ2 ጀምሮ እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ እያካፈለ ያያል። 17፣ 257፣ 65537 ሁሉንም በትክክል መለሰ። 4294967297 ሳስገባ ግን «ፕራይም ነው» አለኝ። መምህራችን የሰጡን መልስ «አይደለም» ይላል። ፌርማ የሚባለው የሒሳብ ሊቅም ፕራይም ነው ብሏል አሉ። ታዲያ ማንን ልመን?

ኮደሩ፦ ቁጥሩን ሎንግ ሎንግ አድርጊው፣ ትልቅ ቁጥር የሚይዝ ዓይነት ነው።

ጋሼ ቀመር፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ቁጥሩን እወቂው። 32 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝተሽ 1 ስትደምሪበት የሚመጣ ነው። ፌርማ በ1640 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያሉ ቁጥሮች (የሁለቶቹ ብዛት 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32 እያለ እጥፍ የሚሆን) ሁሉ ብቸኛ ቁጥር ናቸው ብሎ ገመተ። 3፣ 5፣ 17፣ 257 እና 65537 ልክ ሆኑለት። ስድስተኛውን ግን የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ1732 ሰበረው፦ 641 × 6700417። ኋላም የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ሁሉ ለ64 ሲካፈል 1 እንደሚተርፈው አረጋገጠ። ስለዚህ የምትሞክሪው 193፣ 257፣ 449፣ 577 ነው፤ ቀጥሎ 641 ይመጣል። በአምስተኛው ሙከራ አለቀ! እንዲህ ያለ ውበት የት ይገኛል?

የማታ ተማሪዋ፦ ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ግን የኔ ፕሮግራም 641ን ለምን ዘለለው?

ቀሪ ዜሮ፦ እህቴ፣ «ፌርማ ብሏል» ማስረጃ አይሆንም። ግምት ነበር፣ አላረጋገጠውም። ሌላም ማሳያ አለ። ፕራይም ቁጥር የሁለት ስኩዌሮች ድምር ሆኖ ቢጻፍ ከአንድ መንገድ በላይ የለውም። ይሄ ግን ሁለት አለው፦ የ65536 ስኩዌር ሲደመር 1፣ ደግሞም የ62264 እና የ20449 ስኩዌሮች ድምር። በካልኩሌተር አረጋግጪ።

አዲስ ገቢ፦ ሎንግ ሎንግ ሞክሪ።

ኮደሩ፦ ኧረ ብያለሁ እኮ 😀

ቢት በቢት፦ ቁጥሩን የተቀበልሽው ኢንት በሚባለው የቁጥር ዓይነት ነው አይደል? ኢንት የሚይዘው እስከ 2147483647 ነው። ከዚያ ካለፈ ሲ-ኢን (ቁጥሩን የሚያነብልሽ ትእዛዝ) ያስገባሽውን ትቶ ይህንኑ ጣሪያ ያስቀምጥልሻል። ጉዱ ደግሞ 2147483647 ራሱ ፕራይም መሆኑ ነው! ያንንም ያረጋገጠው ኦይለር ነው። ፕሮግራምሽ በትክክል መልሷል፣ የመለሰው ግን ስለ ሌላ ቁጥር ነው። ካስገባሽ በኋላ ቁጥሩን መልሰሽ ስክሪን ላይ አውጪው፣ ታዪዋለሽ።

አዲስ ገቢ፦ አንሳይንድ ኢንት (ኔጌቲቭ የማይይዘው ኢንት) ብታደርገውስ?

ቢት በቢት፦ አይበቃም። እሱ 4294967295 ላይ ያበቃል። በ2 ያንሳል።

ቀሪ ዜሮ፦ ማትሪክን በ2 ነጥብ እንደ መውደቅ ነው 😅

ቢት በቢት፦ ብቻ ቁጥሩን ሎንግ ሎንግ ስታደርጊ ፕራይም የሚለየው ፈንክሽን (የፕሮግራሙ ክፍል) የሚቀበለውንም አብረሽ ቀይሪ። እዚያ ኢንት ከቀረ ከ4294967297 ውስጥ የሚተርፍሽ 1 ብቻ ነው።