ከፒያሳ ሐዋሳ በሳይክል፣ በ9,000 ብር፦ ዕቅዴን እዩልኝ

ጠያቂ፦ የዶሮ ማነቂያ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ከፒያሳ ተነስቼ ሐዋሳ ደርሼ ለመመለስ አስቤያለሁ። ሁለት ቀን ለመሄድ፣ ሁለት ቀን ለመመለስ፣ በድምሩ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሳይክሉ ያገለገለ ባለ 26 ማውንቴን ነው፤ ከፊት 3፣ ከኋላ 7 ጥርስ፣ ጎማው ወፍራምና ጥርሳም። ጥገናውን ጨምሮ ያለኝ 9,000 ብር ነው፣ ከዚያ በላይ አይወጣም። ድንኳን ልግዛ ወይስ አልጋ ልያዝ? ዕቃውን በምን ልጫን? በፈጣን መንገዱ ብወጣ አይሻልም? የማይሆን ከሆነ በግልጽ ንገሩኝ።

መልስ፦ ቁልቁለት

ርቀቱ ችግር የለውም፣ ችግሩ ቀኑ ነው። በአራት ቀን 550 ማለት በቀን 137 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጭነት ይዞ በጥርሳም ጎማ ለለመደ ሰውም ይከብዳል። መልሱን ደግሞ በሳይክል አታስበው። ሞጆ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ መስቀል አደባባይ 2,350 ገደማ። ስትሄድ በደስታ የወረድከውን ሁሉ በመጨረሻው ቀን፣ ጉልበትህ ካለቀ በኋላ፣ በአቃቂና በቃሊቲ ጭስ ውስጥ ትወጣዋለህ። ሳይክሉን አውቶቡስ ላይ ጭነህ ተመለስ።

አከፋፈሉ እንዲህ ይሁን። የመጀመሪያው ቀን ከፒያሳ ሞጆ፣ 75 ኪሎ ሜትር። ሁለተኛው ከሞጆ ባቱ (ዝዋይ)፣ 90። ሦስተኛው ከባቱ አርሲ ነገሌ፣ 65። አራተኛው በሻሸመኔ አልፎ ሐዋሳ፣ ከ50 አይበልጥም። ሦስተኛውን ቀን ማስረዘም ያምርሃል፤ አታስረዝመው። ባቱ 1,640 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቡልቡላን አልፈህ፣ ላንጋኖን በግራ አብያታን በቀኝ ትተህ ወደ አርሲ ነገሌ ስትጠጋ መንገዱ ወደ 2,000 ሜትር ይወጣል። ዳገቱ ረጅም እንጂ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ሰው የሚያልቅበት እኩለ ቀን ላይ ከሙቀቱና ከነፋሱ ጋር ሲገጥመው ነው። ባቱን ጠዋት 12 ሰዓት ለቀህ፣ ዳገቱን ከ5 ሰዓት በፊት ጨርስ።

ፈጣን መንገዱን እርሳው። ወደ አዳማ የሚወስደውም፣ ከሞጆ ወደ ባቱ የሚወስደውም የክፍያ መንገድ ሳይክል አያስገባም። የአንተ መንገድ አሮጌው ነው፦ ከፒያሳ በቸርችል ወርደህ ለገሃር፣ መስቀል አደባባይ፣ ጎተራ፣ ሳሪስ፣ ቃሊቲ፣ አቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ። እሑድ ንጋት ላይ ውጣ፣ ከቃሊቲ እስከ ዱከም ያለው የከባድ መኪና ብዛት ከሌላው ቀን በጣም ይቀንሳል። ጉዞው ወደ ኅዳር ከተገፋ ግን ታላቁ ሩጫ የሚካሄድበትን እሑድ አጣራ፤ በዚያን ዕለት መስቀል አደባባይና ዙሪያው ይዘጋል።

ብዙ ሰው የማያስበው አንድ ነገር አለ። ከቢሾፍቱ ወደ ሞጆ መንገዱ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለሚሄድ ጠዋት ፀሐይዋ ከፊትህ ናት። ከኋላህ የሚመጣው ሾፌርም በዚያው ፀሐይ ታውሮ ነው የሚነዳው። የትራፊክ ፖሊስ ዓይነት አንጸባራቂ ሰደርያ ልበስ፤ ከዚህ ጉዞ ዕቃ ሁሉ በዋጋው ልክ ይህን ያህል የሚጠቅም የለም። ተሳቢ ሲያልፍህ ነፋሱ መጀመሪያ ይገፋሃል፣ ቀጥሎ ወደ ራሱ ይስብሃል፤ መሪውን አጥብቀህ ቀጥ በል። ጎማህ ከአስፋልቱ ጠርዝ ከወረደ እየነዳህ ልመልሰው አትበል፣ ጠርዙ ጎማውን ይይዘውና መሐል መንገድ ላይ ይጥልሃል። ቁም፣ አንሳው፣ እንደገና ተነሳ።

መልስ፦ ጎሚስታው

የሳይክሉን ብር መጀመሪያ ለጎማ፣ ቀጥሎ ለፍሬን፣ ከዚያ ለኋላው ቸርኬ አውጣ። ሌላው ሁሉ በእጅ ይሠራል።

ጥርሳሙን ጎማ አውልቀህ ከ1.5 እስከ 1.75 ኢንች ስፋት ያለው ለስላሳ አስገባ። አስፋልት ላይ ጥርሱ ጉልበትህን ከመብላት በቀር ጥቅም የለውም። ጎኑ ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ልክ ሳታልፍ የኋላውን 55፣ የፊቱን 50 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ነፋው። ከመነዳሪ (የውስጡን ጎማ) ስትገዛ ቫልቩ የመኪና ዓይነት ይሁን፣ ያኔ የትኛውም ጎሚስታ ይነፋልሃል። ነገር ግን የጎሚስታ ኮምፕሬሰር የተሠራው ለአይሱዙ ጎማ ስለሆነ የሳይክሉን በሰከንዶች ውስጥ ያፈነዳዋል። ጭን ለቀቅ፣ ጭን ለቀቅ እያደረገ እንዲነፋ ንገረው፣ በየመሐሉ በጣትህ ተጫነው።

ከመቂ እስከ ላንጋኖ የግራር እሾህ አገር ነው። ምናለሽ ተራ አሮጌ ከመነዳሪ ፈልግ፣ በቁመቱ ሰንጥቀህ ቫልቩን ቁረጥና በጎማውና በአዲሱ ከመነዳሪ መሐል አንጥፈው። ትንሽ ይከብዳል፣ እሾሁን ግን አብዛኛውን ያስቀራል። ከተነፈሰ መጀመሪያ ቀዳዳውን ተመልከት። አንድ ቀዳዳ ከሆነ እሾህ ነው፤ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዙሪያውን ጠርገህ ሳታወጣው ከገጠምክ አምስት ደቂቃ ሳትሄድ ደግሞ ይተነፍሳል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ከሆነ ነፋስ አንሶት ቸርኬው ቆንጥጦታል። ስትለጥፍ በብርጭቆ ወረቀት አሻክር፣ ማስቲሹን ስስ አድርገህ ቀባ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቅ፣ በጣት ሲነካ ካልተጣበቀ ብቻ ልጥፉን ተጫን። እርጥብ ላይ የተለጠፈ በሙቀት ይላቀቃል። ሁለት መለዋወጫ ከመነዳሪ ያዝ፣ መንገድ ላይ ቀይር፣ መለጠፉን ማታ አልጋ ቤት ሥራው።

ጭነት የሚበዛበት የኋላው ቸርኬ ነው፣ ሽቦዎቹ የሚበጠሱትም በማርሹ በኩል ነው። ሽቦዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርገህ ጭመቃቸው፣ ከሌሎቹ የላላ ካለ ከመነሳትህ በፊት ይወጠር። በዚያ በኩል የተበጠሰ ሽቦ ለመቀየር ማርሹ መውለቅ አለበት፣ እሱም የራሱ መፍቻ ይፈልጋል፤ ስለዚህ መንገድ ላይ እቀይረዋለሁ ብለህ አትተማመን።

ሰንሰለቱን በማስመሪያ ለካ። ከፒን እስከ ፒን 24 አንጓ 30.5 ሴንቲ መሆን አለበት፤ 30.7 ካለፈ ይቀየር። ግራሶና የተቃጠለ ዘይት አታስነካው፣ አቧራ ያቦካበታል። የስፌት መኪና ዘይት በየአንጓው አንድ ጠብታ፣ ከዚያ ላይ ላዩን ድርቅ አድርገህ ጥረገው።

መጫኛውን ብረት በያጅ ይሠራልሃል። 6 ሚሊ ፌሮ ይበቃል፤ 3 ሜትሩ 0.7 ኪሎ አይሞላም፣ በ8 ሚሊ ቢሠራ 1.2 ኪሎ ይደርሳል። ነገር ግን ሳይክሉ ላይ እንዲበይደው አትፍቀድ። የሳይክሉ ቱቦ ስስ ስለሆነ ይበሳል፣ ባይበሳም በብየዳው ጥግ በኋላ ይሰነጠቃል። በ5 ሚሊ ብሎን ይታሰር፣ ዳዶው በየማታው ይፈተሽ። ለሻንጣ ሁለት የ10 ሊትር ጀሪካን በላይ በኩል ቀደህ ግራና ቀኝ እሰር፤ ዝናብም አቧራም አይገባም። ወደ ኋላ አስጠጋቸው፣ አለዚያ ተረከዝህ በየዙሩ ይመታቸዋል። ጠቅላላ ጭነት ከ10 ኪሎ አይለፍ።

ሁለት ፈተና አድርግ። ሙሉ ጭነት ጭነህ ከለገሃር በቸርችል ወደ ማዘጋጃ ቤት ከኮርቻ ሳትነሳ ውጣ፤ ካቃተህ ወይ ጭነቱ በዝቷል ወይ ትንሹ ማርሽ አይገባም። ቀጥሎ በሽሮ ሜዳ እንጦጦ ውጣና በጭነት ውረድ። ስትወርድ ፍሬኑን ይዘህ አትቆይ፤ ያዝ ለቀቅ አድርግ፣ ቸርኬው ሲግል የፍሬን ጎማው መያዝ ያቆማል። የሚፈታ ነገር ካለ በዚህ ቁልቁለት ይፈታል፣ እዚህ ቢፈታ ደግሞ ቤትህ ቅርብ ነው።

መልስ፦ በሶ በጨው

ድንኳን አትግዛ። ለአራት ሌሊት አያዋጣም፣ ይከብዳል፣ ሜዳ ላይ ለብቻ ማደርም ለአንተም ለሳይክሉም ጥሩ አይደለም። አልጋ ስትይዝ ምድር ላይ ያለ ክፍል ጠይቅ፣ ሳይክሉ አብሮህ ይደር። አንሶላና አጎበር ያዝ። ከክረምት መውጫ እስከ ኅዳር ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው፣ ባቱና ሐዋሳም ወባ ያለባቸው ናቸው።

ብሩን እንዲህ ቁረጠው፦ 1,500 ለመመለሻ፣ 1,000 ለመጠባበቂያ፣ ሁለቱም አይነኩም። 6,500 ይቀራል። ከዚያ ላይ ለሳይክሉ 3,000 ካወጣህ ለአልጋና ለምግብ በቀን 875 አለህ። ዋጋው በየጊዜው ስለሚጨምር ሞጆና ባቱ ላሉ አልጋ ቤቶች አስቀድመህ ደውል፤ የሚነግሩህ ዋጋ ከዚህ ካለፈ ከሳይክሉ ላይ ሳይሆን ከምግቡ ላይ ቀንስ፣ እሱም የሚቀነሰው ከቤት በመያዝ ነው። በሶ 300 ግራም ከ1,000 ካሎሪ በላይ ይሰጣል፤ ጠዋት በስኳርና በጨው በጥብጠህ ጠጣ። ቆሎና ሙዝ በየሰዓቱ፣ ሳይርብህ። ምሳህን አቅልለህ ማታ ሽሮም ሆነ በያይነቱ ጠግበህ ብላ፤ ባቱ ላይ ዓሣው አለልህ።

ውኃ ቢያንስ 3 ሊትር የሚይዝ ሃይላንድ ይኑርህ። በሰዓት ከግማሽ ሊትር በላይ ትጠጣለህ፤ ከመቂ በኋላ ውኃ ብቻውን አይበቃም። ለ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምር። ሐይቅ አየሁ ብለህ አትቅዳ፤ አብያታና ሻላ ሶዳማ ስለሆኑ ቢፈሉም አይጠጡም።

ለመመለስ ከረዳቱ ጋር የጭነቱን ዋጋ ሳይክሉ ሳይወጣ ጨርስ። ፔዳሎቹን ፍታ (የግራው በተቃራኒ ነው የሚፈታው)፣ መሪውን አዙር፣ ፖርቶ መጋላው ላይ ማርሹ ወደ ላይ ሆኖ እንዲተኛና በራስህ ገመድ እንዲታሰር አድርግ። የምትወርደው ቃሊቲ መናኸሪያ ነው፣ ከዚያ ፒያሳ ሽቅብ መሆኑን አትርሳ፤ ከመሸ አትንዳው። የመንገዱን ጸጥታ ደግሞ በምትነሳበት ሳምንት እዚያው መናኸሪያ ረዳቶችን ጠይቅ፣ በየቀኑ የሚመላለሱት እነሱ ናቸው።

ጠያቂ፦ የዶሮ ማነቂያ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አራት ቀን፣ አልጋ ቤት፣ በአውቶቡስ መመለስ፤ ጎማውን ዛሬ እፈልጋለሁ። አንድ ልጨምር፦ የኋላው ማርሽ መቀየሪያ አርጅቷል፣ ለመለወጥ ብር አይተርፍም። መንገድ ላይ ቢሰበርስ?

መልስ፦ ጎሚስታው

ያለ እሱም ትደርሳለህ። የሰንሰለት መፍቻ ግን ግዛ፣ ትንሽ ነገር ነው። ከተሰበረ ሰንሰለቱን ፍታ፣ በመቀየሪያው ውስጥ ሳታሳልፍ ከፊት መካከለኛውን ከኋላም መካከለኛውን ጥርስ ላይ ዙሪያውን ጠቅልለው፣ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ። ትርፉን ቆርጠህ ግጠም፤ መሐሉን ስትጫነው አንድ ሴንቲ ያህል ይርገብ። ከላላ ወደ ሌላ ጥርስ ይዘላል፣ ከተወጠረ ኩሽኔታውን ይበላል። ፒኑን ስትገፋ ጨርሰህ አታውጣው፣ በአንዱ ጎን ጫፉ ይቅር፣ ከወጣ በእጅ አይመለስም። ዳገቱን ወርደህ ግፋው። የቆረጥካቸውን አንጓዎች አትጣል፣ መቀየሪያው ሲተካ መልሰህ ትቀጥላቸዋለህ።