የ8 ዓመት ልጄ ብሬስ (የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ) አሁን ይደረግላት ወይስ እንጠብቅ?

ጥያቄ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ እናት

ሰላም እንዴት ናችሁ? ልጄ 8 ዓመት ከ4 ወሯ ነው። ጥርሷን ለማሳጠብ የወሰድናት ሐኪም «ኦርቶዶንቲስት (ጥርስ የሚያስተካክል ሐኪም) ይያት» አለና ሄድን። ፎቶ አነሷት፣ ራጅ አነሷት። ከዚያ አንዲት ሠራተኛ ወረቀት ይዛ መጣች። ሕክምናው በሁለት ዙር ነው አለችኝ። አንደኛው አሁን፦ ላንቃ የሚያሰፋ ኤክስፓንደር፣ በዚያ ላይ አራቱ የፊት ጥርሶቿ ላይ ብሬስ፣ 12 ወር፣ 3,400 ዶላር። ሁለተኛው 12 ዓመት ሲሞላት፦ ሙሉ ብሬስ፣ ሌላ ክፍያ። «ዛሬ ከፈረምሽ 300 እንቀንስልሻለን» አለች። ያጠራጠረችኝ ይቺ ናት።

ኢንሹራንሳችን ለብሬስ የሚከፍለው በዕድሜ ልክ 1,500 ዶላር ብቻ ነው። አሁን ከጨረስኩት ለሁለተኛው ዙር ባዶ እጄን ነኝ። ባለቤቴ «የወተት ጥርሷ እንኳ አልረገፈም፣ ምኑን ነው የሚያስሩት?» ይላል። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ ደውላ «ፍንጭቷን እንዳትነኩባት!» ብላኛለች። እውነትም ሁለቱ የላይኛው የፊት ጥርሶቿ መሀል ክፍተት አለ። የታችኞቹ ግን ተጣበው አንዱ ባንዱ ላይ ወጥቷል።

በዚህ ያለፈ ካለ እባካችሁ ምከሩኝ። ብር መሰብሰቢያ ነው ወይስ እውነት ያስፈልጋታል?

የሦስት ልጆች አባት፣ ቨርጂኒያ

እህቴ፣ እንዳትፈርሚ! ለትልቁ ልጄም 8 ዓመቱ ላይ ይሄንኑ ብለውን ነበር። ጠበቅን። 12 ሲሞላው ብሬስ ገባለት፣ በ20 ወር አለቀ፣ የከፈልነውም አንዴ ነው። «ዛሬ ከፈረምሽ እንቀንሳለን» የሚባለው ሶፋ ሲሸጥ ነው።

ኦርቶዶንቲስት ጋ የምሠራ ረዳት

ወንድሜ፣ ስለ ፊርማው ልክ ነህ። ግን ያንተ ልጅና የሷ ልጅ ችግራቸው አንድ መሆኑን በምን አወቅህ? 11 ዓመት እዚህ ሥራ ላይ ነኝ። ወላጆች ሁሌ «አሁን ወይስ በኋላ?» ብለው ይጠይቃሉ። ችግሩ ስሙ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። መልሱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የአሜሪካ ኦርቶዶንቲስቶች ማኅበር ልጅ እስከ 7 ዓመቱ አንዴ ይታይ ይላል። ይታይ እንጂ ይታሰርለት አላለም። 7 የተባለውም የመጀመሪያዎቹ ቋሚ መንጋጋዎች 6 ዓመት ግድም ስለሚወጡና የፊቶቹም መቀየር ስለሚጀምሩ ነው። የላይኛው ከታችኛው ጋር እንዴት እንደሚገጥም ያኔ ይለያል።

የማይጠበቅ ነገር አለ። አንዱ ክሮስባይት ነው። የላይኛው ጥርስ ከታችኛው ውጭ መዋል ሲገባው ወደ ውስጥ ገብቶ ይገጥማል። በአንድ ወገን ብቻ ሲሆን ልጁ አፉን ለመግጠም አገጩን ወደዚያ ይስባል። እንደዚያ እየሳበ ካደገ ፊቱም ወደ አንድ ጎን ሊያድግ ይችላል። የላንቃ አጥንት ሁለት ክፍል ነው፣ መሀሉ በልጅነት ገና አልተቆላለፈም። ኤክስፓንደር የሚሠራው እዚያ ላይ ነው። ጉርምስና ካለፈ እየጠነከረ ይሄዳል። የታችኛው የመንጋጋ አጥንት ከላይኛው አልፎ ወደ ፊት የወጣበት ልጅም አይጠበቅም። ፊት ላይ የሚደረገው፣ የላይኛውን ወደ ፊት የሚስበው መጎተቻ ከ10 ዓመት በፊት ሲጀመር ይሻላል። ቋሚ ጥርስ ወጥቶለት አሁንም ጣቱን የሚጠባ ልጅም እንዲሁ።

የላይኛው ጥርስ ወደ ፊት የወጣበት ልጅ ግን ሌላ ነው። ሰሜን ካሮላይና፣ ፍሎሪዳና እንግሊዝ ውስጥ ልጆችን በዕጣ ከፍለው አጥንተውታል። በሁለት ዙር የታከሙትና ጠብቀው አንዴ የታከሙት መጨረሻቸው ያው ሆነ። ልዩነቱ ቶሎ የጀመሩት የፊት ጥርሳቸው በመውደቅና በመጋጨት የሚሰበረው ቀነስ ማለቱ ነው። ልጅሽ ስትሮጥ የምትውል ከሆነች እሱም ቢሆን ቀላል አይደለም።

የፊት ክፍተት በ8 ዓመት? አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይደለም። ከላይ ያሉት ክራንቻዎች ሊወርዱ ሲሉ የጎረቤቶቻቸውን ሥር ይገፋሉ፣ ጥርሱ ይበታተናል። 11 እና 12 ዓመት ላይ ክራንቻዎቹ ሲወጡ ይሰበሰባል። የታችኞቹ ትንሽ መጣበብም ብቻውን ቶሎ አያስጀምርም።

ስለዚህ ሐኪሙን ራሱን (የሒሳብ ክፍሏን አይደለም) እንዲህ በዪው፦ «ስሙ ምንድን ነው? ሁለት ዓመት ብንጠብቅ ምን ይበላሻል?» መልሱ «ጥርሷ ያምራል» ብቻ ከሆነ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ። ራጁን መውሰድ መብትሽ ነው፣ ሌላ ሐኪም ያይልሻል። ሜዲኬድ (ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ መንግሥት የሚሰጠው የጤና ሽፋን) ያላችሁም ዝም አትበሉ። ከ21 ዓመት በታች ላለ ልጅ ሕክምናው የግድ ከሆነ ይሸፍናል፣ መመዘኛው ግን በየስቴቱ ይለያያል።

ቡና አፍይ፣ ዳላስ

የኔ ልጅ ክሮስባይት ነበረባትና ኤክስፓንደር አድርጋለች። የገጠመንን ልንገርሽ። ላንቃዋ ላይ የተጣበቀ ብረት ነው፣ መሀሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለው። ቀጭን ቁልፍ ይሰጡሽና ማታ ማታ ከፊት ወደ ኋላ ትገፊዋለሽ። አንድ ግፊት ሩብ ሚሊሜትር ነው። መጀመሪያ ቀን አልጋ ላይ አስተኝቼ፣ የስልክ መብራት ጥርሴ ውስጥ ይዤ፣ እጄ ሲንቀጠቀጥ እሷ «ማሚ ተረጋጊ» አለችኝ። አያምም፣ አፍንጫዋ ሥር ብቻ ውጥር ይላታል። ሳምንት ያህል ምላሷ ተያዘ፣ «ስ» ማለት አቃታት፣ ለሀጭ በለሀጭ ሆነች። ጥብስ ይሰነቀርባታል። ሽሮና ገንፎ አወጣን።

በሁለተኛው ሳምንት የፊት ጥርሶቿ መሀል ክፍተት ተፈጠረ። ካልነገሩሽ ትደነግጫለሽ። አጥንቱ መከፈቱን የሚያሳየው እሱ ነው፣ በጥቂት ወር ራሱ ይገጥማል። መግፋቱ ሲያበቃ ብረቱ አይወጣም፣ አጥንቱ እስኪሞላ ስድስት ወር ያህል አፏ ውስጥ ቆየ። እና ቁልፉን በክር አስሪው! የኛ አንዴ ጉሮሮዋ ጋ ደርሶ ነፍሴ ልትወጣ ነበር።

አዲስ አበባ ያለሁ የጥርስ ሐኪም

እኔም ሁለት ነገር ልጨምር። የወተት ጥርስ «ይረግፍ የለ» ተብሎ አይተውም። የኋላው የወተት መንጋጋ በብል ቶሎ ከተነቀለ ከኋላ ያለው ቋሚ ጥርስ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ከሥር የሚመጣው ቦታ ያጣል። ተነቅሎ ከሆነ ቦታ መያዣ ይደረግለታል። ወጪው ከብሬስ ጋር አይወዳደርም።

ሁለተኛ፣ ሕፃን ሆኖ ተቅማጥ ሲይዘው ድዱ ተቧጥጦ ክራንቻው «የወጣለት» ልጅ አለ። አገር ቤት ተወልዶ ውጭ ያደገም ይኖራል። የሚነካው የወተቱ ብቻ አይደለም፣ ከሥሩ ያለው የቋሚው ቡቃያም ይጎዳል። እንዲህ ተደርጎለት ከሆነ ሳትደብቁ ለሐኪሙ ንገሩት፣ በራጅ ቶሎ ይታያል። ለማንኛውም ልጅ ቢሆን 10 ዓመት ላይ የላይኛው ክራንቻ ከድዱ ሥር በጣት መዳሰስ አለበት።

የለንደኗ

እዚህ ጥርሱ ከ1 እስከ 5 በደረጃ ይመዘናል፣ 5 የባሰው ነው። 4 እና 5 ከሆነ፣ ወይም 3 ሆኖ መልኩ በጣም ከተበላሸ፣ ከ18 ዓመት በታች በኤንኤችኤስ (በመንግሥት የጤና አገልግሎት) ነፃ ነው። ወረፋው ግን ያስረጃል።

ሲልቨር ስፕሪንግ እናት (ጠያቂዋ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሳልፈርም ራጁን ይዤ ሌላ ኦርቶዶንቲስት ጋ ሄድኩ። አዛውንት ናቸው። መጀመሪያ ራጁን አላዩም። «ቀስ ብለሽ ግጠሚ» አሏት። የኋላ ጥርሶቿ ሲነካኩ አገጯ ወደ ቀኝ ሄደ። መስታወት ሰጥተው ለኔም አሳዩኝ። በቀኝ በኩል ሦስት ጥርስ ወደ ውስጥ ነው የሚገጥመው። ማታ ቤት ዳቦ ስትበላ ቁጭ ብዬ አየኋት፣ በየጉርሻው አገጯ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ስምንት ዓመት ሙሉ ሳበላት እንዴት አላየሁትም?

«ሁለት ዓመት ብንጠብቅስ?» አልኳቸው። «ይሄን አልጠብቅም፣ ሌላውን ሁሉ እጠብቃለሁ» አሉ። ኤክስፓንደር ብቻ፣ 1,900 ዶላር። የፊቶቹ ላይ ብሬስ አያስፈልግም፣ ጥበቱን 12 ዓመቷ ላይ እናየዋለን። ከኢንሹራንሱ ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ያኔ እንድንጠቀም ይጽፉልኛል፣ ኩባንያው እሺ ካለ።

ማክሰኞ ይገባላታል። ቁልፉን የማስርበት ክር ገዝቻለሁ። ባለቤቴ ገፊው እኔ ነኝ ብሏል፣ እናያለን። እናቴን ደወልኩና ለትንሽ ጊዜ ፍንጭቷ ሊሰፋ ነው ስላት «እሰይ!» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ይገጥማል የሚለውን አልሰማችም።