«አሬዩ ተፈጥሯል፤ ተማሪዎቹ ግን አልተፈጠሩም» ማለት ይቻላልን?

ጠያቂ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። በማዘጋጀው የጃቫ (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) መማሪያ ውስጥ «አምስት ተማሪዎችን የሚይዝ አሬይ ተፈጥሯል፤ ተማሪዎቹ ግን ገና አልተፈጠሩም» ብዬ ጽፌ ነበር፤ አሬይ በቁጥር የተለዩ ተከታታይ ቦታዎች ያሉት የመረጃ መያዣ ነው። እርማቱን የሚያይልኝ ባልደረባዬ ዓረፍተ ነገሩ እርስ በርሱ ይጣላል ይላል። «ተፈጠረ»ን ለሁለቱም መጠቀም ይገባልን? «ኢኒሺያላይዝ ማድረግ»ንስ (የመጀመሪያ ዕሴት መስጠትን) ምን ልበለው?

የቅኔ ቤት ልጅ፦ የግእዙ ኦሪት ዘፍጥረት ሲጀምር «ገብረ» (ሠራ) እንጂ «ፈጠረ» አይልም፤ ወዲያውም ስለ ምድር «ወኢኮነት ድሉተ» ይላል፤ ተገብራለች፣ ገና ግን አልተሰናዳችም። ስለዚህ አሬዩ «ተገብረ»፣ ኢኒሺያላይዝ ማድረግ ደግሞ ከዚያው ከ«ድልው» ዘር «አስተዳለወ» ይባል። ግእዝ ያለውን ቃል ትቶ መበደር አይገባም።

ኮድ አስተማሪ፦ ንባቡ ትክክል ነው፤ ምሳሌው ግን ከጃቫ ጋር አይገጥምም። «ኒው» (አዲስ ፍጠር የሚለው ትእዛዝ) ብለን ባለ አምስት ቦታ የተማሪ አሬይ ስንሠራ የሚፈጠረው አንድ ኦብጀክት (ፕሮግራሙ በማስታወሻው ውስጥ የሚሠራው ነገር)፣ ማለትም አሬዩ ራሱ ነው፤ እርሱም ተሰናድቶ ነው የሚፈጠረው፤ ከ0 እስከ 4 ያሉት ቦታዎቹ ሁሉ ወዲያውኑ «ነል» (ምንም ኦብጀክት የማያመለክት ዕሴት) ይይዛሉ። ተማሪዎቹ ሌሎች ኦብጀክቶች ስለሆኑ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን «ኒው» ይሻሉ፤ ያለዚያ የአንዱን ስም ስንጠይቅ ነል ፖይንተር ኤክሴፕሽን የሚባል ስሕተት ይወረወራል። ስለዚህ የጠያቂው ዓረፍተ ነገር አይጣላም።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ እንግዲያውስ «ነል» «አልቦ» ይባል፤ «የለም» ማለት ነውና ከዚህ የቀረበ ቃል አይገኝም።

ሰዋስው ወዳጅ፦ «አልቦ» ለዜሮ ተይዟል። የኢንት (የሙሉ ቁጥር) አሬይ ሲፈጠር በየቦታው 0 ይገባል፤ የተማሪ አሬይ ሲፈጠር ነል ይገባል፤ ሁለቱን በአንድ ቃል ከጠራን የመማሪያው አንባቢ ልዩነቱን በምን ይለያል? «ባዶ»ም አይሆንም፤ ባዶ አሬይ ርዝመቱ 0 የሆነ ነው፣ ይህ ግን ርዝመቱ 5 ነው።

የቅኔ ቤት ልጅ፦ ዜሮን «አልቦ» ያሉት የሒሳብ ሰዎች ናቸው፤ የግእዙ «አልቦ» ግን ቁጥር ሳይሆን የመኖር አፍራሽ ነው። ስለ ዘሩ የሚከራከር አስቀድሞ ግሱን ይቁጠር።

ኮድ አስተማሪ፦ ከስሙ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ «ሞላ» የሚለው ግስ ነው። በአሬይስ ፊል (አሬይን በአንድ ዕሴት በሚሞላው የጃቫ ትእዛዝ) አንድ አዲስ ተማሪ ሰጥተን አሬዩን ብንሞላው አምስቱም ቦታዎች ያንኑ አንድ ተማሪ ያመለክታሉ፤ የአንዱን ስም ስንለውጥ የሁሉም ይለወጣል። በጃቫ 8 የመጣው ሴትኦል የሚባለው ትእዛዝ ግን ለየቦታው አዲስ ተማሪ እንድንፈጥር ያስችላል። መማሪያው ሁለቱንም «ሞላ» ካላቸው አንባቢው ስንት ሰው እንደ ተፈጠረ ከቃሉ ሊያውቅ አይችልም።